ያለ ቪዛ መግባት፦ ከሞያሌ እስከ ዛላንበሳ

ሞያሌ ላይ ወረፋ ይዤ የቆምኩበትን ጠዋት አልረሳውም። ከአዲስ አበባ ተነስቼ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቻለሁ። ወገቤ ደርቋል። ከፊቴ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ቆሟል። ትንሽ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ተራው ደረሰና ለመኮንኑ መታወቂያውን ሰጠ። የቀበሌ መታወቂያ ነው።

«ፓስፖርትህስ?»

«ቪዛ አያስፈልግም ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«ቪዛማ አያስፈልግም። ፓስፖርት ግን ያስፈልጋል።»

ልጁ አልገባውም። ዞር ብሎ እኛን አየን። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት ቀስ ብለው «ልጄ፣ ቪዛና ፓስፖርት እኮ ሁለት ነገር ነው» አሉት። መታወቂያውን ኪሱ ከተተና ወጣ። ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ሱቅ ያለው አጎት እንደሚጠብቀው ለአንዱ ሲነግር ሰምቼው ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። ወደ ቤቱ ተመልሶ እንዲሆን እመኛለሁ። ሞያሌ ግን ፓስፖርት ለሌለው ወጣት «እኔ አሻግርሃለሁ» የሚል ደላላ የማይጠፋባት ከተማ ናት።

«ያለ ቪዛ» የሚለው ቃል ሲነገር ትልቅ ነው። ሁለት መሪዎች ይጨባበጣሉ። «ሕዝባችን ወንድማማች ነው» ይባላል። ማታ ዜና ላይ ቪዛ መቅረቱ ይነገራል። ሰሚው ደግሞ «በሩ ተከፈተ» ብሎ ይተኛል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ጠባብ ነው። ለጉብኝት፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለስብሰባ፣ ለተወሰነ ቀን፣ ብዙ ጊዜ እስከ 90 ቀን፣ ኤምባሲ ደጅ ሳይጠኑ መግባት ነው። በቃ። ፓስፖርት አይቀርም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሊጠየቅ ይችላል። ኬላው ላይ ያለው መኮንን «የት ታርፋለህ? መቼ ትመለሳለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ ካላጠገበው መመለስም ይችላል። ተቀጥሮ መሥራት፣ ሱቅ መክፈት፣ ጓዝ ጠቅልሎ መኖር ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

ክርክሩ ላይ ግን ይህ ሁሉ ተደባልቆ ይቀርባል። «ድንበሩ ይከፈት» የሚለው ስለ ወንድማማችነት ያወራል። «አገር ይጥለቀለቃል» የሚለው ስለ ስደት ያወራል። መሀል ላይ ያለው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፦ ማን፣ በምን ወረቀት፣ ለስንት ቀን ይገባል? ቀኑ ካለፈበትስ ማን ይመልሰዋል? እኔ የምለው ይህ ነው። በወዳጅ አገሮች መካከል መንገድ የሚከፈተው በወዳጅነት ነው። ከዓመት ዓመት ክፍት ሆኖ የሚቆየው ግን በእነዚህ አሰልቺ ዝርዝሮች ነው። በእኛ አካባቢ ወዳጅነቱን እናውቅበታለን። ዝርዝሩን ግን «በኋላ ይደረሳል» ብለን እንተወዋለን። ዋጋ የከፈሉበት ቤተሰቦች ደግሞ ብዙ ናቸው።

የመስከረም አንዱ በር

መስከረም 1 ቀን 2011ን አስታውሱ። የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች በቡሬና በዛላንበሳ ተገኝተው ድንበሩን ከፈቱ። ሃያ ዓመት ምሽግ ውስጥ ሲተያዩ የኖሩ ወታደሮች አብረው አዲስ ዓመት አከበሩ። እናቶች እየሮጡ ተቃቀፉ። እኔ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት፤ ቤታችን ውስጥ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት የሆነው ደግሞ ይታወቃል። ከአዲግራትና ከመቀሌ እህልና ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ወደ ኤርትራዋ ሰንዓፈ ወጡ። የኤርትራ ታርጋ ያላቸው መኪኖች መቀሌና አዲስ አበባ ታዩ። ቪዛ የጠየቀ የለም። ፓስፖርትም የጠየቀ የለም። በዚያው ልክ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ተሻግረው ስደተኛ ሆነው ተመዘገቡ። ገሚሶቹ ባሎቻቸውንና አባቶቻቸውን ፍለጋ የመጡ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ከዚያስ? ታኅሣሥ ላይ በዛላንበሳና በራማ በኩል «ከፌዴራል መንግሥት ፈቃድ አምጡ» የሚል ነገር መጣ። የትኛው ፈቃድ? ከየትኛው መሥሪያ ቤት? በምን መመሪያ? የሚመልስ አልነበረም። ሑመራና ኦምሐጀር በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ተከፍተው ነበር። ሚያዝያ ላይ እነሱም፣ ቡሬም ተዘጉ። ሲከፈት በአደባባይ ነበር፤ ሲዘጋ ግን ማስታወቂያ እንኳ አልወጣም። ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ ኬላው ላይ ሲደርስ ነው ያወቀው።

ሐምሌ 2010 አሥመራ ላይ የተፈረመው የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ አጭር ነበር። የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱን፣ ትራንስፖርት፣ ንግድና ስልክ መቀጠሉን፣ ኤምባሲ መከፈቱን ይናገራል። መስከረም ላይ ጂዳ ውስጥ የተፈረመውም ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው። ታሪካዊ ነበሩ፤ ደስታችንም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን አንድ የሰንዓፈ ነጋዴ አዲግራት ላይ ስንት ቀን መቆየት እንደሚችል፣ ቀረጥ የት እንደሚከፍል፣ ናቅፋና ብር በምን ሒሳብ እንደሚመነዘሩ አንዱም ውስጥ የለም።

ይህ ስህተት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የተሠራው። ከ1983 እስከ 1990 ባሉት ዓመታትም ሰው አሥመራና አዲስ አበባ መካከል እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር። ኤርትራ ናቅፋን እስካወጣችበት ጊዜ ድረስ ገንዘቡ እንኳ አንድ ብር ነበር። የዜግነት ጉዳይ ግን በደንብ አልተለየም፤ ማን የማን ዜጋ እንደሆነ ለብዙ ቤተሰብ ግልጽ አልነበረም። ጦርነቱ ሲመጣ ይህ ያልተጻፈ ነገር ሰው ላይ ወደቀ። ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ የኖሩ ሰዎች በአውቶብስ ተጭነው ተባረሩ። ከኤርትራ የተባረሩ ኢትዮጵያውያንም እንዲሁ ንብረታቸውን ጥለው መጡ። በ1994 የወጣው የኢትዮጵያ ተወላጆች መታወቂያ አዋጅ፣ ሰው «ቢጫ ካርድ» የሚለው ማለት ነው፣ የውጭ ዜግነት የያዘ ተወላጅ ያለ ቪዛ እንዲገባ ሲፈቅድ የኤርትራ ዜግነት የወሰደውን ለይቶ አስቀርቷል። የአትላንታው ዘመድ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ከመረብ ማዶ ያለው አይገባም።

ሸንገን የምትባለውን መንደር እዚህ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። ሉክሰምበርግ ውስጥ፣ ሞዘል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1985 አምስት አገሮች፣ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድስ፣ እዚያ ወንዝ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ ፈረሙ። ኬላዎቹ በተግባር የተነሱት ግን በ1995 ነው። አሥር ዓመት! መሀል ላይ በ1990 ዝርዝሩን የያዘ ሌላ ስምምነት ጻፉ። ጥገኝነት የጠየቀን ሰው የትኛው አገር ይመለከተዋል? ፖሊስ ወንጀለኛ እያሳደደ ድንበር ላይ ቢደርስ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? የሚፈለጉ ሰዎች ስም በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል? ወዳጅነታቸው ደክሞ አይደለም አሥር ዓመት የፈጀባቸው። በሩ አንዴ ከተከፈተ መዝጋቱ ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ገብቷቸው ነው። ከአሥመራው መግለጫ እስከ ዛላንበሳው መከፈት የነበረው ጊዜ ሁለት ወር ነበር።

«ታዲያ እናቶቹ አሥር ዓመት ይጠብቁ?» ይባል ይሆናል። አይጠብቁ። ያኔ እኔም ይህን ጥያቄ በቁጣ እጠይቅ ነበር። ሰውን ማገናኘት ቀድሞ፣ ሕጉ ከኋላ ከኋላ ሊጻፍ ይችል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ገጽ መመሪያ ይበቃ ነበር፦ በመታወቂያ መሻገር፣ የሠላሳ ቀን ቆይታ፣ ኬላ ላይ የሚሰጥ ይለፍ። የሚያሳዝነው ሦስቱ ገጽም አለመጻፋቸው ነው።

ሞያሌ ላይ የሠራው

አሁን ወደ ደቡብ እንመለስ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአሥርት ዓመታት ኬንያ ያለ ቪዛ ሲገባ ኖሯል። ኬንያዊውም እኛ ጋ እንዲሁ። ይህን ነገር እንደ ቀላል እናየዋለን። ቀላል ግን አይደለም።

መነሻው ፍቅር ብቻ አልነበረም። ኬንያ ነፃ ስትወጣ ሁለቱም አገሮች አንድ ስጋት ነበራቸው። የሶማሊያ መንግሥት ኦጋዴንንም፣ የኬንያን ሰሜን ምሥራቅም ይገባኛል ይል ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴና ጆሞ ኬንያታ የጋራ መከላከያ ስምምነት ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ናይሮቢ መሀል ከተማ ዛሬም የኃይለ ሥላሴ ጎዳና አለ። ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ። አዲስ አበባ ከሞስኮ፣ ናይሮቢ ከዋሽንግተን ጋር ቆሙ። ወዳጅነቱ ግን አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳንኤል አራፕ ሞይና መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ፈረሙ። ከዚያም ኢሕአዴግ መጣ፤ እሱም ስምምነቱን አልነካም። ሦስት ዓይነት መንግሥት ሲፈራረቅ ሞያሌ ላይ ያለው ሰው ግን መሻገሩን አላቆመም።

ለምን ቆየ? የተጻፈ ነገር ስለነበረ ነው። አንዱ መሪ ከሌላው ጋር ቢኮራረፍ እንኳ ኬላው ላይ ያለው መኮንን የሚሠራበት ደንብ አለው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ደግሞ የሁለቱ አገሮች መሪዎች ሞያሌ ላይ የጋራ ኬላ መርቀው ከፈቱ። የመውጫውም የመግቢያውም ማኅተም አንድ ጣሪያ ሥር ይመታል። መንገደኛው አንዴ ይቆማል፤ ሻንጣውን ሁለቴ አይፈታም። እኔ የዚያን ቀን ልጁ ከወጣ በኋላ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረስኩ። ያቺ «ልጄ» ያሉት እናት ከእኔ ቀድመው ጨርሰው፣ ማዶ ባጃጅ ተሳፍረው ሲሄዱ አየኋቸው። ቦረና እንደሆኑ ከአነጋገራቸው አውቄያለሁ። ልጃቸው ማርሳቢት ተድራ በወር አንዴ ይጠይቋታል። ለእሳቸው ይህ ድንበር በካርታ ላይ የመጣ ነገር ነው። ዘመዶቻቸው ሁለቱም ወገን ናቸው። የሁለቱም ወገን ከተማ ስሙ ሞያሌ ነው።

ኬንያም ብትሆን ሁልጊዜ ቀጥ ባለ መንገድ አልሄደችም። ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 «ከጃንዋሪ ጀምሮ ማንም ወደ ኬንያ ሲመጣ ቪዛ አያስፈልገውም» አሉ። ዓለም አጨበጨበ። ጃንዋሪ ሲገባ ግን ሰው አስቀድሞ በኢንተርኔት ተመዝግቦ 30 ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት ታወቀ። ያለ ምንም ጣጣ ይገቡ የነበሩ አፍሪካውያን ጭራሽ ከፋዮች ሆኑ። ብዙ ጩኸት ተነሳ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰባት አገሮች ከክፍያው ነፃ ናቸው ተባለ፦ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞዛምቢክ፣ ኮሞሮስ፣ ኮንጎ ብራዛቪልና ሳን ማሪኖ። ለምን እነዚህ? ከኬንያ ጋር ቀድሞ የተፈረመ የቪዛ ማስቀረት ስምምነት ስላላቸው ነው። የተጻፈው ወረቀት አዳናቸው። በ2025 ኬንያ ምዝገባውን ከሶማሊያና ከሊቢያ በቀር ለአፍሪካውያን ሁሉ አነሳች። እኛ ግን በቀድሞው ስምምነት ቀድመን ተርፈን ነበር።

የተጻፈውም ይሰበራል

እውነቱን ለመናገር ወረቀት ሁሉን አያድንም። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2004 «አራቱ ነፃነቶች» የሚል ስምምነት ተፈራረሙ። መንቀሳቀስ፣ መኖር፣ መሥራትና ንብረት ማፍራት። ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? አፈጻጸሙ ላይ ግን ግብፅ ከ16 እስከ 50 ዓመት ያሉ ሱዳናውያን ወንዶችን ቪዛ ትጠይቅ ነበር። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ሴቶች፣ ልጆችና አዛውንት ወደ ግብፅ ሲጎርፉ፣ ወንዶች ልጆቻቸውን አሻግረው እነሱ ድንበር አጠገብ ባለችው የሱዳን ከተማ ዋዲ ሐልፋ ላይ ቪዛ ሲጠብቁ ሳምንታት አለፉ። ሰኔ ላይ ግብፅ ቪዛውን በሁሉም ላይ ጫነች። ስምምነቱ በጣም በተፈለገበት ሰዓት ተዘጋ።

ከዚህ እኔ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሰላም ጊዜ የሚሠራ የጉብኝት ስምምነት ለጦርነት ጊዜ አይሆንም። እሳት ሸሽቶ የሚመጣን ሰው የሚመለከተው ሌላ ሕግ ነው። የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈረመ ነው። እሱን ከቪዛ ስምምነት ጋር ማደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል። ሁለተኛ፣ የተጻፈ ሲሰበር ቢያንስ መሰበሩ ይታወቃል። ሱዳናዊው «ይህን ፈርማችኋል» ብሎ መሟገት ይችላል። ዛላንበሳ ላይ የተመለሰው ነጋዴ ግን የሚጠቅሰው አንቀጽ አልነበረውም።

ትልልቆቹ አገሮችም ዘንድ ወዳጅነት ብቻውን አይበቃም። እስራኤልና አሜሪካ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ሁሉም ያውቃል። እንዲያም ሆኖ እስራኤላውያን ወደ አሜሪካ ያለ ቪዛ መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ነው። መስፈርቱ በቁጥር የተቀመጠ ነው። ለጉብኝት ቪዛ ካመለከተው የዚያ አገር ዜጋ የሚከለከለው ከ3 በመቶ በታች መሆን አለበት። በዚያ ላይ «እኔ ዜጋህን እንደማስገባው፣ አንተም ዜጋዬን ሁሉ ሳትለይ አስገባ» የሚል እንካ በእንካ አለ። እስራኤል ፍልስጤማውያን ትውልድ ያላቸውን አሜሪካውያን በእኩል ማስተናገዷ የተመዘነው በዚህ ነው። ሩማንያን ደግሞ እዩ። በጃንዋሪ 2025 ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ አሜሪካ የሚገቡ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገባች ተባለ። ተጓዡ ሻንጣውን ሳይሸክፍ በሜይ ተሰረዘች። የኔቶ አጋር ናት፤ ወዳጅ ናት።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሰጣጡን አጠበቀ። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሄደ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆመ። ዲፕሎማቶችና የአገልግሎት ፓስፖርት የያዙም እንዲከፍሉ ሆነ። የተሰጠው ምክንያት ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ የተከለከሉ ዜጎቿን መልሳ ለመቀበል አልተባበረችም የሚል ነው። ሐምሌ 2017 ላይ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ አደረገችው። ቨርጂኒያ ያለች ልጇ ስትወልድ ለማረስ የምትሄድ እናት፣ ለሁለተኛው የልጅ ልጅ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች፤ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ። መልሶ መቀበል የሚባለው ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ያለ ደረቅ ቃል ይመስላል። የሚያርፈው ግን እሷ ላይ ነው። አንድ መንግሥት ዜጋውን መልሶ የሚቀበልበት ግልጽ መንገድ ከሌለው፣ በሕግ ሊጓዝ የሚፈልገው ዜጋው ይቀጣል።

ዕቃው ቀደመ

አፍሪካ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአፍሪካ ኅብረት ሁለት ትልልቅ ሰነዶች ወጡ። አንዱ ነፃ የንግድ ቀጣናው ነው። ሌላው የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ነው፤ ይህኛው እዚሁ አዲስ አበባ በጃንዋሪ ጸደቀ። ሁለቱም መጋቢት ላይ ኪጋሊ ውስጥ ለፊርማ ቀረቡ። የንግዱ ስምምነት በ2019 ሥራ ላይ ዋለ። የሰዎቹ ፕሮቶኮል 15 አገሮች እንዲያጸድቁት ይጠይቃል። ያጸደቁት ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊና ሳኦ ቶሜ ብቻ ናቸው። ዕቃው ቀደመ፤ ሰውየው ኋላ ቀረ። ዕቃውን ይዞ የሚሄደው ግን ሰው አይደለም እንዴ?

ፕሮቶኮሉ እኮ የሚያስፈራ ነገር የለውም። በሦስት እርከን ነው የተጻፈው። በመጀመሪያ ያለ ቪዛ ገብቶ እስከ 90 ቀን መቆየት፣ ከዚያ መኖር፣ በመጨረሻ ሥራ መክፈት። የትኛውም አገር መጀመሪያው ላይ ቆሞ ሁለተኛውን ማዘግየት ይችላል። አንዳንዶቹ ኅብረቱን ሳይጠብቁ በራሳቸው ከፍተዋል። ቤኒን፣ ጋምቢያ፣ ሲሼልስና ሩዋንዳ ለማንኛውም አፍሪካዊ በራቸው ክፍት ነው። ጋናም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ተከተለች። ምዕራብ አፍሪካውያኑ ደግሞ ኢኮዋስ በሚባለው የኢኮኖሚ ማኅበራቸው ሥር እ.ኤ.አ. በ1979 በተፈረመ ፕሮቶኮል እየተጓዙ ነው።

ኢትዮጵያ በ2011 ጥቅምት ማብቂያ ላይ አፍሪካውያን ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ፈቀደች። ጥሩ ጅምር ነበር። ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ ግን ቪዛ ነው፤ ይከፈልበታል። የአፍሪካ መዲና ለምትባል ከተማ ይህ ያንሳል። ቦሌ በየቀኑ ስንት አፍሪካዊ መንገደኛ እንደሚያልፍ ለሚያውቅ ሰው ሦስት ቀን ከተማ ወርዶ አድሮ፣ ክትፎ በልቶ፣ ሸማ ገዝቶ ቢሄድ የሚጠላ የለም።

ሥጋቱን ግን አላቃልለውም። የኬንያ መኮንን የሚያሳስበው ነገር አለ። ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ ተነስተው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ወጣቶች የሚያልፉት በዚሁ በሞያሌ በኩል ነው። ኬንያ ያለ ቪዛ መግባት እየቻሉ ኬንያ ውስጥ በሕገወጥ መንገድ ገባችሁ ተብለው የሚታሰሩት ለምንድን ነው? መልሱ ያ መታወቂያ ይዞ የመጣው ልጅ ዘንድ አለ። ፓስፖርት የለውም። መደበኛው ፓስፖርት 5,000 ብር ገብቷል። ወረፋውና «ሲስተም የለም» የሚለው ሳይቆጠር ማለት ነው። ፓስፖርት ያለውም ቢሆን ከናይሮቢ ወዲያ ለታንዛኒያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ደላላው ደግሞ ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ አንድ ዋጋ ነው የሚቆርጠው፤ መንገዱም በጫካና በኮንቴይነር ነው። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ ኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ።

እነዚህን ልጆች የገደላቸው የሞያሌው ክፍት በር አይደለም። በሩን በሕጋዊ መንገድ ቢያልፉ ኖሮ ስማቸው ይመዘገብ ነበር። የት እንደደረሱ የሚጠይቅ ይኖር ነበር። ቪዛውን መልሶ መጫን ደላላውን ብቻ ያበለጽጋል። የሚጠቅመው ሌላ ነው። ፓስፖርት በቅርብና በአቅም የሚገኝበት መንገድ አንዱ ነው። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስለ ሥራ ፈቃድ በግልጽ መነጋገር ሌላው ነው። ከዓረብ አገሮች ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት መፈራረም ከቻልን ከጎረቤቶቻችን ጋር ለምን ያቅተናል? ድንበር ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ፓስፖርት ሳይጠየቅ በይለፍ የሚሻገርበት አሠራር በጽሑፍ ይሁን። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ዜጎቻቸው በመታወቂያ ብቻ እንዲጓዙ ካደረጉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። የተፈረመውም ነገር ይታተም። የኬላ መኮንኑ ዘንድ ብቻ ሳይሆን ያ ልጅ ከቤቱ ሳይነሳ የሚያነበው፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐዲይኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይኑር፦ ምን ይዘህ፣ ለስንት ቀን፣ ምን ማድረግ ትችላለህ።

የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ናቸው። ታላቅ እህታቸው አሥመራ ናቸው። ሐምሌ 2010 የመጀመሪያው በረራ ሲነሳ ቴሌቪዥኑን አቅፈው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። በዓመቱ ራሳቸው በረሩና እህታቸውን ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ አገኙ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 የአየር መንገዱ በረራ ተቋረጠ። የምድሩ መንገድ ከተዘጋ ቆይቷል። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

ባለፈው ዓመት ናይሮቢ ላይ ተቀጣጠሩ። እህትየው የመውጫ ፈቃዱን አግኝተው በካይሮ ዞረው መጡ። ጎረቤቴ ከቦሌ ሁለት ሰዓት በረሩ። አንዷ በርበሬና ሽሮ፣ ሌላዋ የአሥመራ ብስኩት ይዘዋል። የእናታቸው መቃብር ከሁለቱም ቤት ይልቅ ለዛላንበሳ ይቀርባል። እነሱ ግን የተገናኙት ኬንያ ነው። አንድ ሳምንት ተቀመጡ። ጎረቤቴ ሲመለሱ ፓስፖርታቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የእህታቸውን ፓስፖርትም በስልካቸው ፎቶ አንስተውታል። ሁለቱም ላይ የተመታው ማኅተም አንድ ዓይነት ነው፤ ቪዛ የጠየቃቸው አልነበረም።